ትንፋሽዎን ይያዙ፦ የልብ ኤምአርአይ፣ እስትንፋስና የወላጆቻችን መብት

(በቴሌቪዥን የቀረበ ሐተታ፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

በዚህ ዝግጅት ዘወትር የምናነሳው የአገራችንን የፖለቲካ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ከወትሮው ወጣ ያለ ርዕስ ይዤ ቀርቤያለሁ። ርዕሱ ስለ ልብ ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ የልብ ኤምአርአይ ሲነሳ ስለሚያስቸግረው ስለ እስትንፋሳችን ነው። እኔ የተማርኩት ፖለቲካል ሳይንስ እንጂ ሕክምና አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ሐተታ የሐኪማችሁን ምክር አይተካም። ነገር ግን ጉዳዩ መጨረሻው የቋንቋና የመብት ጉዳይ ስለሆነ፣ ከእኛ ዝግጅት የራቀ አይደለም።

ሴቨን ኮርነርስ፣ ሊስበርግ ፓይክና አርሊንግተን ቡሌቫርድ በሚገናኙበት አካባቢ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ፣ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ዕድሜ ሲገፋ ደም ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ ልቡም ይመጣል። ሐኪሙ "የልብ ኤምአርአይ ያስፈልጋል" ይላል። ቀጠሮ ይያዛል። እማማ ጠባቡ ቱቦ ውስጥ ይገባሉ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ይደረግላቸዋል፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ "ብሪዝ ኢን፣ ብሪዝ አውት፣ ሆልድ ዩር ብሬዝ" የሚል ድምፅ ይመጣል። እማማ ምን እንደተባሉ አልገባቸውም። ግን አያስቸግሩም፤ "እሺ" ይላሉ። እንደ ልማዳቸው ይተነፍሳሉ። ምስሉ ይበላሻል። ይደገማል። እንደገና ይበላሻል። ለመሆኑ አንድ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ መሣሪያ በአንዲት እናት እስትንፋስ የሚሸነፈው ለምንድን ነው? መፍትሔውስ ምንድን ነው? አንድ በአንድ እንየው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ኤምአርአይ ራጅ አይደለም፤ የጨረር አደጋም የለውም። ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነው፤ በውኃ ውስጥ ሃይድሮጂን አለ። መሣሪያው በኃይለኛ ማግኔት የሃይድሮጂንን እምብርት ያሰልፋል፣ በራዲዮ ሞገድ ይነቀንቀዋል፣ ከዚያም ሲመለስ የሚሰጠውን ድምፅ አልባ ምላሽ ይለቅማል። ብዙ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት ባለ 1.5 ቴስላ ማግኔት ከምድራችን መግነጢሳዊ ኃይል ወደ 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በዚህ መንገድ ምስል መሥራት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳየው አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር ነው፤ ከእንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤምአርአይ እንደ ስልካችን ካሜራ በአንድ ብልጭታ ፎቶ አያነሳም። ምስሉን የሚሠራው እንደ ሸማኔ ነው፤ አንዱን ድርና ማግ በሌላው ላይ እየጨመረ፣ መስመር በመስመር። ሸማኔው እየሠራ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ሸማውን ቢያንቀሳቅስበት ጥለቱ ምን ይሆናል? በኤምአርአይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። እያንዳንዱ መስመር የሚይዘው የምስሉን አንድ ጥግ ሳይሆን የጠቅላላውን ምስል መረጃ ስለሆነ፣ በመሃል የተፈጠረ እንቅስቃሴ ምስሉን በሙሉ ያበላሻል። የደረት ግድግዳ ጥላ ልቡ ላይ ተደርቦ ይታያል። ባለሙያዎቹ ይህንን "መንፈስ" ይሉታል፤ እውነትም የሌለ ነገር እንዳለ ሆኖ ይታያል።

ልብ ደግሞ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ አለበት። አንደኛው የራሱ ምት ነው፤ በደቂቃ ከ60 እስከ 100። ይህኛው በአንጻሩ ቀላል ነው። ደረት ላይ በሚለጠፉ የኢሲጂ ተለጣፊዎች መሣሪያው የልብን ምት ይከታተላል፤ መረጃውንም ከምቱ ጋር እያስተባበረ ይሰበስባል። ልብ ምቱ ከተስተካከለ አንዱ ምት ሌላውን ስለሚመስል፣ ከብዙ ምቶች የተለቀመው ተገጣጥሞ አንድ ምስል ይሆናል።

ሁለተኛው ግን እስትንፋስ ነው። ልባችን የተቀመጠው በደረትና በሆድ መካከል ባለው ድያፍራም በሚባለው ጡንቻ ላይ ነው። አየር ስንስብ ድያፍራሙ ወደ ታች ይወርዳል፤ ልብም አብሮት ይወርዳል። ዝም ብለን በእርጋታ ስንተነፍስ እንኳ ድያፍራሙ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ ልብ ደግሞ በአማካይ የዚያን 60 በመቶ ያህል ይከተላል። ይህ ከሰው ሰው ይለያያል። ትንሽ ይመስላል? የልብን ጡንቻ የሚመግቡት የደም ሥሮች ስፋት 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የምንፈልገው ነገር ከራሱ ስፋት ሁለትና ሦስት እጥፍ ከፍና ዝቅ ይላል ማለት ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ እናንተ የምታውቁት ነው፤ ትንፋሽ መያዝ። ለአንድ ምስል ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ገደማ። ብዙ ቦታ ታካሚው እንዲይዝ የሚጠየቀው አየር ካስወጣ በኋላ ነው። ለምን ቢባል፣ አየር ስንስብ አንድ ጊዜ ብዙ፣ አንድ ጊዜ ጥቂት እንስባለን፤ ስናስወጣ ግን ድያፍራሙ በየጊዜው ወደ ተቀራራቢ ቦታ ይመለሳል። ስበው መያዝ ለታካሚው ይቀላል፤ አስወጥቶ መያዝ ግን ለምስሉ ይሻላል።

ቦታው አንድ መሆኑ ለምን አስፈለገ? የልብን የመግፋት አቅም ለመለካት መሣሪያው ልብን እንደ ድፎ ዳቦ ከላይ እስከ ታች ይቆራርጠዋል። ብዙውን ጊዜ ወደ 10 የሚጠጉ ቁራጮች ይነሳሉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በአንድ የትንፋሽ መያዝ። ታካሚው በሦስተኛው ላይ ብዙ ስቦ፣ በአራተኛው ላይ ጥቂት ስቦ ከያዘ፣ አንዱ የልብ ክፍል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ሌላው ጨርሶ ይዘለላል። ከዚያ የሚወጣው ኢጀክሽን ፍራክሽን የሚባለው ቁጥር የተሳሳተ ይሆናል። ይህ ቁጥር ደግሞ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። 35 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን፣ ሐኪሞች እንደ ሁኔታው ድንገተኛ የልብ መቆምን የሚከላከል መሣሪያ ደረት ውስጥ ስለመትከል ያስባሉ። ጥቂት በመቶ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ማለት፣ ቀዶ ሕክምና ወይም የለም ማለት ሊሆን ይችላል። በትንፋሽ ጉዳይ የተጨነቅነው ለዚህ ነው።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ትንፋሹን 15 ሴኮንድ መያዝ የማይችለው ማነው? ልቡ የደከመው፣ ሳንባው ውኃ የያዘው፣ አረጋዊው፣ ሕፃኑ ነው። ይህ ማለት ምርመራው አጥብቆ የሚያስፈልገው ሰው ምርመራው የሚጠይቀውን ማድረግ የማይችለው ሰው ነው። በዚህ ላይ ቋንቋው ያልገባው ታካሚ ይጨመራል። እሱ ትንፋሹን መያዝ ያቅተዋል ማለት አይደለም፤ እንዲይዝ የነገረው ሰው የለም ማለት ነው።

ሳይንቲስቶቹም ይህንን ስላወቁ ሁለተኛ መንገድ ፈለጉ፦ ታካሚው እንደልቡ ይተንፍስ፣ መሣሪያው ይከተለው። ቀላሉ ዘዴ ሆድ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ወይም አየር ያለው ትራስ ነው፤ ሆድ ሲነሳና ሲወርድ ይነግረዋል። ረቀቅ ያለው ደግሞ "ናቪጌተር" የሚባለው ነው። በሚኒሶታ ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ሪቻርድ ኤህማንና ጆኤል ፌልምሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። መሣሪያው የልቡን ምስል ከማንሳቱ በፊት በቀኝ በኩል ጉበትና ሳንባ የሚገናኙበትን ድንበር በፍጥነት ያያል። ጉበት በምስሉ ደማቅ፣ ሳንባ ጥቁር ስለሆነ ድንበሩ በግልጽ ይለያል። ድያፍራሙ በተፈቀደው ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በ5 ሚሊሜትር ክልል ውስጥ ከሆነ፣ መረጃው ይወሰዳል፤ ካልሆነ ይጣላል። ልክ የኬላ ጠባቂ እንደማለት ነው።

ይህ ዘዴ ለብዙዎች እፎይታ ሰጠ፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። ኬላው ላይ ከሚደርሰው መረጃ ግማሹና ከዚያ በላይ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ይረዝማል። ታካሚው ሲረዝምበት እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲተኛ አተነፋፈሱ ይለወጣል፤ ድያፍራሙ ከክልሉ ይወጣል፤ መሣሪያውም ሁሉንም ነገር እየመለሰ ይቆማል። በተጨማሪም ናቪጌተሩ የሚያየው ድያፍራሙን እንጂ ልቡን አይደለም። ልብ በትክክል ምን ያህል ተንቀሳቀሰ የሚለው በግምት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ከተሠሩ ሥራዎች ጋር የተያያዘ ነው። ከሴቨን ኮርነርስ ፖቶማክን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ቤተስዳ ስትደርሱ ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ አለ። ፒተር ኬልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሥራ፣ ታካሚው ያለምንም ትዕዛዝ እየተነፈሰ በልብ ድካም ሳቢያ የሞተውን ጡንቻ የሚያሳይ ምስል ማንሳት እንደሚቻል አሳዩ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ምስሉን ከብዙ ምቶች ከመልቀም ይልቅ በአንድ ምት፣ በሴኮንድ ክፍልፋይ፣ ሙሉ ምስል ይነሳል። እንዲህ በችኮላ የተነሳ ምስል ግን እንደ አሮጌ ቴሌቪዥን ጫጫታ ይበዛበታል። ስለዚህ ተመሳሳይ ምስል ደጋግሞ ይነሳል። ኮምፒዩተሩ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ምስል ይመለከትና ልቡ ወዴት እንደሄደ፣ እንዴት እንደታጠፈ አስልቶ ሁሉንም በአንድ ቦታ ላይ ይደርባቸዋል። ሲደረቡ እውነተኛው ምስል ይጎላል፣ ጫጫታው ይከስማል። ለምሳሌ 16 ምስል ቢደረብ ጫጫታው በአራት እጥፍ ይቀንሳል።

በዚህ ዘዴ ሸክሙ ከታካሚው ትከሻ ወርዶ ኮምፒዩተሩ ላይ አረፈ። ቀድሞ "አንተ ዝም በል፣ እኔ ላንሳ" ይል የነበረው መሣሪያ፣ አሁን "አንተ ተንፍስ፣ እኔ አስተካክላለሁ" ማለት ጀመረ። በሌላም በኩል፣ ማይክል ሃንሰንና ቶማስ ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ጋጀትሮን የተባለውን ምስል የሚያቀናብር ሶፍትዌር ማንም ሊጠቀምበት በሚችል መልኩ ይፋ አደረጉ። ዕውቀት በሩን ከፍቶ ሲቀመጥ ደሃውም መግባት ይችላል፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

አሁን ዓይናችንን ወደ አገር ቤት እንመልስ። በኢትዮጵያ የልብ ሕመም ሲነሳ ዋናው መከራችን በልጅነት የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ሕፃኑን "ቶንሲል" ያመዋል፤ በወቅቱ በአንቲባዮቲክ ካልታከመ በአንዳንዶች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ይከተላል፤ ትኩሳቱ ሲመላለስ የልብን በሮች ያበላሻል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን የመሠረቱት ይህንን አይተው ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ። እዚያ ዋናው የምርመራ መሣሪያ የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። አልትራሳውንድ ርካሽ ነው፣ ተንቀሳቃሽ ነው፣ ልብን በቅጽበት ስለሚያሳይ እስትንፋስ ያን ያህል አያስቸግረውም።

ታዲያ ኤምአርአይ ለአገራችን ቅንጦት ነው? እኔ እንደዚያ አልልም። የልብ ጡንቻ ጠባሳን፣ ብግነትን፣ በልብ ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ ብረትን ኤምአርአይ የሚያሳየውን ያህል የሚያሳይ ብዙ መሣሪያ የለም። ነገር ግን ማግኔቱን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ሂሊየም፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ የሠለጠነ ባለሙያና የጥገና መሐንዲስ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ የቤተስዳ ሥራ ተስፋ ይሰጣል። ኤድሪየን ካምቤል ዋሽበርንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳተሙት፣ ባለ 1.5 ቴስላ መሣሪያን ወደ 0.55 ቴስላ ዝቅ አድርገው የልብ ምስል ማንሳት ችለዋል። ከዚያ ወዲህ በዚሁ ኃይል የሚሠሩና ከአንድ ሊትር ያነሰ ሂሊየም የሚበቃቸው መሣሪያዎች ገበያ ላይ ውለዋል። ደካማ ማግኔት ደካማ ምላሽ ይሰጣል፤ ጉድለቱን የሚሞላው ደግሞ ያው ምስሎችን አስተካክሎ መደረብ ነው። ሆኖም ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ለአገራችን ሕፃናት ዛሬውኑ ከየትኛውም ማግኔት የሚቀድመው በየጤና ጣቢያው የጉሮሮ ሕመምን በወቅቱ ማከምና፣ የታመሙትን ልጆች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ መጠበቅ ነው። መንግሥት ሪባን የሚቆረጥለት መሣሪያ ይወዳል። ለመርፌ ሪባን አይቆረጥም።

ወደ ሴቨን ኮርነርስ ልመልሳችሁ። አዲሱ ዘዴ በሁሉም ሆስፒታል፣ ለሁሉም ዓይነት ምስል አልደረሰም። አብዛኛው የልብ ኤምአርአይ ዛሬም በትንፋሽ መያዝ ይሠራል። ስለዚህ የቋንቋው ጉዳይ ዛሬም የሕክምና ጉዳይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት ሰውን እንዳያገልል ይከለክላል፤ ቋንቋ አለማወቅም በዚሁ ሥር ይታያል። በ2010 የወጣው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ አንቀጽ 1557 ደግሞ በጤናው ዘርፍ ይህንኑ ያጠነክራል። ሜዲኬርና ሜዲኬድ የሚቀበል ሆስፒታል ለታካሚው ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ታካሚው የራሱን አስተርጓሚ ይዞ እንዲመጣ ሊያስገድድ አይችልም፤ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅንም አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድም። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ ችሮታ አይደለም፤ መብት ነው። መብት ግን ካልጠየቁት ተኝቶ ይቀራል።

እናንተ ልጆቻቸው ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

አንደኛ፣ ቀጠሮ ሲያዝ በዚያው ስልክ "የአማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልጋል" በሉ፤ በዕለቱ ሳይሆን አስቀድማችሁ። አስተርጓሚው ቅጹ ሲሞላ ብቻ ሳይሆን ምስሉ በሚነሳበት ጊዜም እንዲኖር ጠይቁ። ከመቆጣጠሪያው ክፍል በማይክራፎን መናገር ይቻላል። ይህ ካልሆነ ታካሚው ከመግባቱ በፊት ትዕዛዞቹ በአማርኛ ይገለጹለት፣ ከቴክኒሻኑ ጋርም ይለማመድ።

ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ አስተምሯቸው። "ብሪዝ ኢን" ማለት አየር ይሳቡ ነው። "ብሪዝ አውት" አየር ያስወጡ ነው። "ሆልድ ዩር ብሬዝ" ወይም "ስቶፕ ብሪዝንግ" ትንፋሽዎን ይያዙ፣ አይተንፍሱ ነው። "ብሪዝ" ብቻውን ሲመጣ አሁን ይተንፍሱ ማለት ነው። ጋደም ብለው በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ይለማመዱ። ዋናው ነገር ብዙ መያዝ ሳይሆን በየጊዜው እኩል መያዝ ነው። ጥልቅ አየር መሳብ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ካልቻሉ "አልቻልኩም" ማለት ነውር እንዳልሆነ ንገሯቸው። ይሉኝታ እዚያ ቱቦ ውስጥ አይሠራም። እጃቸው ላይ የምትሰጥ የምትጨመቅ ኳስ አለች፤ ሲጨንቃቸው ይጭመቋት። ባለሙያው ትንፋሽ መያዝ እንደማይችሉ ካወቀ የሚያሳጥርበት ወይም እየተነፈሱ የሚያነሳበት መንገድ ሊኖረው ይችላል። ካላወቀ ግን ተመሳሳይ ትዕዛዝ ደጋግሞ እየሰጠ ጊዜው ያልቃል።

አራተኛ፣ ብረት። የማተብ መስቀል፣ ክታብ በብረት መያዣ፣ የፀጉር ጌጥ፣ ቀለበት ሁሉ ውጭ ይቀራል። ማተባቸውን መፍታት የሚከብዳቸው እናት ካሉ የብረቱ መስቀል ወጥቶ ክሩ ብቻ ይቆይ ዘንድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፔስሜከር፣ ሰው ሠራሽ የልብ በር፣ በሰውነት የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ካለ ይነገር። በጦርነት ያለፍን ሕዝብ ነን፤ ብዙ አባቶች በሰውነታቸው ይዘውት የሚኖሩትን ብረት ረስተውታል። የኩላሊት ሕመም ካለም ይነገር፤ ጋዶሊኒየም የሚባለው መርፌ ከመሰጠቱ በፊት መታወቅ አለበት።

አምስተኛ፣ ቡና። ልብን በመድኃኒት አስሩጦ ወይም የደም ሥሮቹን አስፍቶ የሚደረግ ምርመራ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ለ24 ሰዓት ያህል ቡና፣ ሻይና ኮካ ኮላ እንዳይጠጣ ይታዘዛል። ካፌይን አዴኖሲን የተባለውን መድኃኒት ሥራ ያግዳል። ለእናቶቻችን ይህ ከትንፋሽ መያዝ ይልቅ ሊከብድ ይችላል፤ "አንድ ስኒ ምን ያደርጋል" ይላሉ። አንድ ስኒ ምርመራውን ሊያሰርዝ ይችላል። በሌላ በኩል የታዘዘ መድኃኒትን ጾም ነው ብሎ ወይም በራስ ግምት ማቋረጥ አይገባም፤ ሐኪሙን ጠይቁ።

ውድ አንባቢያን፣ አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። በስደት አገር ደግሞ አለመረዳትን መደበቅም ያው በሽታን መደበቅ ነው። መሣሪያው ቀስ በቀስ የሰውን እስትንፋስ መከተል እየተማረ ነው። እስኪማር ድረስ ግን ወላጆቻችን በሚገባቸው ቋንቋ "ትንፋሽዎን ይያዙ" የሚላቸው ሰው ይገባቸዋል። በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያለው ወላጅ ያላችሁ፣ ስልኩን አንሱና ስለ አስተርጓሚው ጠይቁ።